በባዕድ አገር መሠዊያ መሥራት

(ለወርኀ ጽጌ የተዘጋጀ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለውን 40 ቀን ወርኀ ጽጌ ብላ የእመቤታችንን የቅድስት ድንግል ማርያምንና የልጅዋን የጌታችንን የኢየሱስ ክርስቶስን ስደት ታስብበታለች። ምድር በአበባ በምትሸፈንበት በዚህ ወራት ሊቃውንቱ ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው የሚያመሰግኑት በእናቱ ጀርባ ታዝሎ በሌሊት ከአገሩ የወጣውን ሕፃን ነው። ወንጌላዊው ማቴዎስ በምዕራፍ 2 እንደ ጻፈው፥ ዮሴፍ በሕልም የተነገረውን ሰምቶ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ ሄደ፤ ሄሮድስም እስኪሞት ድረስ በዚያ ኖሩ። ወንጌሉ ስለ ግብፁ ኑሮ በዝርዝር አልጻፈልንም፤ የአባቶቻችን ትውፊት ግን ሦስት ዓመት ከስድስት ወር እንደ ቈዩ፥ ረኃቡንና ጥሙን እንደ ታገሡ፥ ማደሪያ የሚሰጥም የሚነሣም ሰው እንደ ገጠማቸው ያስተምረናል።

ይህን መታሰቢያ ለብዙ ዘመን ስናደርስ ስደቱን የምናየው ከሩቅ ነበር። ዛሬ ግን በየቤታችን ግድግዳ ላይ ከባሕር ማዶ የተላከ ፎቶግራፍ ተሰቅሎአል። በየደጀ ሰላሙ ስመ ክርስትናቸው ተጽፎ በጸሎት እንዲታሰቡ ከሚለመንላቸው ሰዎች ብዙዎቹ በአሜሪካ፥ በአውሮፓ፥ በእስራኤልና በዓረብ አገሮች የሚኖሩ ልጆቻችን ናቸው። ስለዚህ የእመቤታችንን ስደት የሚያስብ ክርስቲያን ስለ እነዚህም ማሰብ፥ ማሰብም ብቻ ሳይሆን የሚጠቅማቸውን ቃል መናገር ይገባዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓሳብ አንድ ነው። ወደ አዲስ አገር የሄደ ሰው ቋንቋውን ይማር፥ ይሥራ፥ ቤት ይሥራ፥ ይትከል፤ ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ መሠዊያውን ይሥራ፤ መሠዊያውንም የልጁ እጅ በሚደርስበት ስፍራ ያቁመው። መሠዊያ ስንልም በቤት የሚደረሰውን ጸሎት፥ ጾሙን፥ ሰንበቱን፥ ንስሓውንና ቅዱስ ቍርባኑን ማለታችን ነው።

የእንግድነት መከራ

መከራውን አቃልሎ መናገር አይገባም። ከሁሉ አስቀድሞ እንግዳውን የሚያገኘው ዲዳነት ነው። በአገሩ በሸንጎ ተናግሮ የሚያስረዳ፥ በልቅሶ ቤት የሚያጽናና፥ የተጣሉትን የሚያስታርቅ ሽማግሌ በባዕድ አገር ዳቦ ለመግዛት ጣቱን ይቀስራል። በሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕፃን ልጁ ያስተረጕምለታል። አባት በልጁ አፍ መናገር ሲጀምር የቤቱ ሥርዓት ይናጋል፤ ልጁ አባቱ የማያውቀውን በማወቁ፥ አባቱ የሚያውቀውን ሁሉ እንደ ከንቱ መቍጠር ይቀናዋልና።

ሁለተኛው ማዕርግን ማጣት ነው። መምህር የነበረው የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃል፤ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበረችው የአረጋውያንን ገላ ታጥባለች። ይህ ሥራ ንጹሕ ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 እንደምናነበው አቂላና ጵርስቅላ ከሮም በንጉሡ በቀላውዴዎስ ትእዛዝ ተሰደው ወደ ቆሮንቶስ የመጡ እንግዶች ነበሩ፤ ሥራቸውም ድንኳን መስፋት ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስም ከእነርሱ ጋር ተቀምጦ በእጁ ይሠራ ነበር። የእነዚህ ድንኳን ሰፊዎች ቤት በኋላ ምእመናን የሚሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ሥራው ዝቅ ያለ መስሎ ቢታይም ቤቱ ከፍ ሊል እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ሦስተኛው የዘመን አቈጣጠርና የበዓላት መለያየት ነው። የልደት በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን ሲውል፥ በዚያ አገር ጥር 7 ተብሎ የሚቈጠር ተራ የሥራ ቀን ነው። ምእመኑ ሌሊቱን በቅዳሴ አድሮ ሲነጋ ነጠላውን አጣጥፎ የሥራ ልብሱን ይለብሳል፤ ልጆቹም ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። በአገሩ ጾም ሲገባ ገበያው ሁሉ ይጾም ነበር፤ በዚያ ግን ረቡዕና ዓርብ ማዕዱ እንደ ሌላው ቀን ሥጋና ወተት ይዞ ይቀርባል። ዓለሙ ሁሉ በሌላ ደወል ሲነሣና ሲተኛ የራስን ደወል ሰምቶ መኖር ቀላል ተጋድሎ አይደለም።

አራተኛው ብቸኝነት ነው። ቡና ጠጡ የሚል ጎረቤት፥ ሲታመሙ የሚጠይቅ ዘመድ፥ ሲጣሉ የሚገላግል ሽማግሌ የለም። ይልቁንም በአንዳንድ የዓረብ አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶቻችን ፓስፖርታቸው በአሠሪ እጅ ተይዞ፥ የዕረፍት ቀን ተነሥተው፥ ቤተ ክርስቲያን መሥራት በማይፈቀድበት ምድር ውዳሴ ማርያምን በቃላቸው እያደረሱ ይኖራሉ። ማንም ሳያያቸው የሚጸልዩት እነዚህ እኅቶች መሠዊያቸውን በልባቸው ሠርተዋል፤ እነርሱን ስናስብ የእኛ ስንፍና ሊያሳፍረን ይገባል።

የአብርሃም ድንኳንና መሠዊያ

የእንግዶች ሁሉ አባት አብርሃም ነው። ከአገሩና ከዘመዶቹ ተለይቶ እንዲወጣ በታዘዘ ጊዜ የሚሄድበትን አያውቅም ነበር። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 12 እና 13 የጕዞውን ነገር ስንመረምር አንድ ልማድ እናገኛለን፤ በሴኬም መሠዊያ ሠራ፤ በቤቴልና በጋይ መካከል ድንኳኑን ተከለ፥ በዚያም መሠዊያ ሠራ፤ በኬብሮንም አጠገብ በመምሬ እንዲሁ አደረገ። ድንኳን ይነቀላል፤ አብርሃምም ብዙ ጊዜ ነቅሎአል። በሄደበት ሁሉ ግን ወደ እግዚአብሔር የሚጠራበትን ስፍራ አላጣም።

ሆኖም መጽሐፍ ቅዱስ የአባቶችን ድካም አይሸሽግም። ረኃብ በጸና ጊዜ አብርሃም ወደ ግብፅ ወረደ። በዚያም ስለ ነፍሱ ፈርቶ ሚስቱን ሣራን እኅቴ ናት አለ። በግብፅ በቈየበት ጊዜ መሠዊያ እንደ ሠራ አልተጻፈም፤ ከግብፅ በወጣ ጊዜ ግን አስቀድሞ መሠዊያ ወደ ሠራበት ስፍራ ተመልሶ የእግዚአብሔርን ስም ጠራ። ፍርሃት እንግዳን ሰው ስለ ራሱ ሐሰት እንዲናገር እንደሚገፋፋው ይህ ታሪክ ያስረዳናል። በዘመናችንም የመኖሪያ ወረቀት ለማግኘት ሲባል ያልደረሰ መከራ ደረሰ ይባላል፤ በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ ጋብቻ ተሰውሮ ሌላ የይምሰል ጋብቻ ይጻፋል። እውነተኛ መከራ ደርሶበት መጠጊያ የሚለምን ሰው ብዙ ነው፤ ለእርሱ የሚነገረው ቃል መጽናናት ብቻ ነው። በሐሰት የገባ ግን በአዲሱ አገር ለብዙ ዘመን ፈሪ ሆኖ ይኖራል፤ ወደ ንስሓ አባቱም ለመቅረብ ያፍራል። ለእንዲህ ያለው ሰው የምንለው አብርሃም ያደረገውን አድርግ ነው፤ ወደ መጀመሪያው መሠዊያህ ተመለስ፥ የተበላሸውንም ከነፍስ አባትህ ጋር ሆነህ አቅና።

ከአብርሃም ጋር የሄደው ሎጥም እንግዳ ነበር። እርሱ ግን የሚቀመጥበትን ስፍራ ሲመርጥ የተመለከተው የምድሩን ልምላሜና ውኃውን ነበር። ድንኳኑን እያስጠጋ እስከ ሰዶም ደረሰ። ለሎጥ መሠዊያ እንደ ሠራ አልተጻፈለትም። የጥፋት ሌሊት በደረሰ ጊዜ ልጆቹን ሊያገቡ ላሉት ሰዎች ከከተማው እንዲወጡ ቢነግራቸው የሚቀልድ መሰላቸው። ስለ እግዚአብሔር በደኅናው ቀን ያልተናገረ አባት በክፉ ቀን ሲናገር ቃሉ እንደ ጨዋታ ይሰማል። ደመወዙ የበለጠበትን፥ ቤቱ የሰፋበትን ከተማ ከመረጥን በኋላ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ይኖር እንደ ሆነ የምንጠይቅ ከሆነ የሎጥን መንገድ እንደ ያዝን እንወቅ።

የነቢዩ ኤርምያስ ደብዳቤ

በባቢሎን ወንዞች ዳር ተቀምጠው ስላለቀሱት ምርኮኞች በመዝሙር 136 ተጽፎአል። ያ ልቅሶ እውነተኛ ነው፤ አገሩን የማያስብ ሰው ያሳደገውን እንደ መርሳት ነው። ነገር ግን ለእነዚያው ምርኮኞች ሌላም ቃል ተልኮላቸዋል። ነቢዩ ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም የላከው ደብዳቤ በትንቢቱ በምዕራፍ 29 ይገኛል። በዚህ ደብዳቤ ምርኮኞቹ ቤት ሠርተው እንዲቀመጡ፥ አትክልት ተክለው እንዲመገቡ፥ ልጆቻቸውን እንዲድሩ ታዘዙ። ከዚህም አልፎ ለተማረኩባት ከተማ ደኅንነት እንዲተጉና እንዲጸልዩላት ተነገራቸው፤ የእርስዋ ደኅንነት የእነርሱም ደኅንነት ነበርና።

በዚያው ዘመን ሐናንያ የሚባል ሐሰተኛ ነቢይ ነበረ። በምዕራፍ 28 እንደ ተጻፈው፥ ሁሉም ነገር በ2 ዓመት ውስጥ ወደ ቀድሞው እንደሚመለስ ተናገረ። ኤርምያስ ግን የተናገረው ስለ 70 ዓመት ነበር። ጆሮ የሚወደው የሐናንያን ቃል ነው፤ እውነቱ ግን የኤርምያስ ነበር።

ዛሬም በልባችን ውስጥ ሐናንያ አለ። በሚመጣው ዓመት አገሬ እገባለሁ እያለ 20 ዓመት የሚኖር ሰው አለ። ሻንጣውን አልፈታም፤ ቋንቋውን አልተማረም፤ ጎረቤቱን አላወቀም፤ ለቤተ ክርስቲያኑም መሠረት ድንጋይ አላቀበለም፤ ነገ ይሄዳልና። ልጆቹን ግን ያ አገር አሳድጎአቸዋል። እርሱ በልቡ በአገር ቤት፥ ልጆቹም በልባቸው በተወለዱበት ምድር ይኖራሉ። በአንድ ማዕድ ተቀምጠው በሁለት አገር የሚኖሩ ቤተ ሰቦች እንዲህ ይፈጠራሉ።

በሌላው ወገን ደግሞ የመጣበትን ሁሉ እንደ ቆሻሻ ልብስ አውልቆ የሚጥል አለ። ዮሴፍ እንዲህ አላደረገም። በግብፅ ታላቅ ሹም ሆነ፤ ግብፃዊ ስም ተሰጠው፤ ግብፃዊት አገባ፤ ወንድሞቹን እንኳ በአስተርጓሚ ያነጋግራቸው ነበር። ልጆቹን ግን ምናሴና ኤፍሬም ብሎ በአባቶቹ ቋንቋ ስም አወጣላቸው፤ በሞቱም ጊዜ አጥንቱ ወደ ተስፋይቱ ምድር እንዲወሰድ አስማላቸው። ዮሴፍ ግብፅን በቅንነት አገለገለ፤ ከረኃብም አዳነ፤ የአባቶቹንም አምላክ አልረሳም።

ዳንኤል የተማረውና የተወው

ምን እንማር፥ ምንስ እንተው ለሚል ሰው የዳንኤል ታሪክ ምዕራፍ 1 መልስ ይሰጠዋል። ዳንኤል የከለዳውያንን ቋንቋና ትምህርት 3 ዓመት እንዲማር ሲታዘዝ እምቢ አላለም፤ ተምሮም ከሁሉ በለጠ። ከንጉሡ ማዕድ ግን ላለመብላት ቈረጠ። ስለዚህ እንግዳ ሰው ትምህርትን መፍራት አይገባውም፤ ሊፈራው የሚገባው ሕጉን የሚያስጥለውን ማዕድ ነው።

በዚህም ታሪክ ሦስት ነገር እናስተውል። አንደኛ፥ ዳንኤል የተሾመበትን አለቃ በትሕትና ለመነው እንጂ አልተሳደበም፤ ለ10 ቀንም በጥራጥሬና በውኃ እንዲፈተን ራሱ አቀረበ። በሥራው ስፍራ ለበዓል ዕረፍት የሚፈልግ ክርስቲያንም አስቀድሞ በትጋቱ ታውቆ፥ በጊዜው ቀርቦ፥ በጨዋ ቃል ቢለምን ብዙ ጊዜ ያገኛል። ሁለተኛ፥ ሦስት ጓደኞች ነበሩት፤ ብቻውን የሚጾም ሰው ቶሎ ይደክማል። በአንድ ከተማ የሚኖሩ ጥቂት ቤተ ሰቦች በሳምንት አንድ ማታ በአንዱ ቤት ተሰብስበው ቢጸልዩ፥ በየወሩም ጽዋ ቢጠጡ፥ የዳንኤልን ጓደኞች አገኙ ማለት ነው። ሦስተኛ፥ ዳንኤል ከሸመገለ በኋላም መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር። በወጣትነቱ የጀመረውን በሽምግልናው አልተወም።

የልጆቹ ቋንቋ

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር እንመጣለን። በዚህ ስፍራ ስለ ራሴ ጥቂት መናገር ግድ ሆኖብኛል፤ የምናገረውም የራሴን ጥፋት ነው።

በአንድ የሰሜን አሜሪካ ከተማ ለጥቂት ዓመታት አገልግዬ ነበር። በአንድ ቅዳሜ ማታ አንዲት እናት የ15 ዓመት ልጅዋን ይዛ መጣች። እርስዋ ቀን በአንድ ስፍራ፥ ሌሊት በሌላ ስፍራ የምትሠራ ትጉህ ክርስቲያን ናት። ልጁ ንስሓ ልግባ፥ አባን ማነጋገር እፈልጋለሁ ብሎ ራሱ እንደ ለመናት ነገረችኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ጥግ ወሰድሁት። ልጁ መናገር ጀመረ፤ ንግግሩም ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ የማውቀው ለሰላምታና መንገድ ለመጠየቅ የሚበቃ ብቻ ነበር። እርሱም አማርኛ የሚያውቀው እናቱን ምሳ ለመጠየቅ ያህል ነው። ለብዙ ጊዜ ተናገረ፤ እኔ ያስተዋልሁት ዕንባውን ብቻ ነው። እናቲቱ ከሩቅ አይታ፥ አባ፥ እኔ ላስተርጕም ወይ አለችኝ። ልጅ ኃጢአቱን በእናቱ አፍ ሊናዘዝ አይቻለውም። ልጁም ይህን በሰማ ጊዜ ዝም አለ። መስቀል አሳልሜ፥ ባርኬ፥ በሚመጣው ሳምንት ቋንቋ የሚያውቅ ካህን እፈልግልሃለሁ ብዬ ሰደድሁት። በሚመጣው ሳምንት አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በልጅነቴ ዳባ ለብሼ፥ አኩፋዳ አንግቤ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያልሁ ከደብር ወደ ደብር ስዞር የሰው አገር ምን እንደ ሆነ አውቄአለሁ። ለዜማውና ለቅኔው ብዙ ዓመት በጉባኤ ቤት ተቀምጫለሁ። ይህ ሁሉ ትምህርት ለአንድ ብላቴና ነፍስ በደረሰ ጊዜ በአንደበቴ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ማታ፥ በሰንበት ትምህርት ቤት ከምታገለግል አንዲት ወጣት ዘንድ እንደ ሕፃን ፊደል ቈጠርሁ። ስሳሳት ትስቅ ነበር፤ እኔም አብሬአት እስቅ ነበር። ሁለት ዓመት ቈይቼ የወጣቶችን ንስሓ መስማት ቻልሁ። ያ ልጅ ግን ወደ ሌላ ከተማ ሄዶአል ተባልሁ። ስመ ክርስትናውን እስከ ዛሬ በቅዳሴ ጊዜ አስባለሁ።

ስለዚህ ነገር የመጽሐፈ ነህምያን ታሪክ ደጋግሜ አነበብሁት። በምዕራፍ 13 ነህምያ ከምርኮ ከተመለሱት መካከል የአንዳንዶቹ ልጆች የአዛጦንን ቋንቋ እየተናገሩ የአይሁድን ቋንቋ ለመናገር እንዳቃታቸው አይቶ እጅግ አዘነ፥ ተቈጣም። ብዙ አባቶችና እናቶች ይህን ኀዘን ያውቁታል። ኀዘኑም የሚገባ ነው፤ ቋንቋው ሲጠፋ ጸሎቱ፥ ዜማው፥ የአያት ምክር ሁሉ አብሮ ይሸሻልና። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 8 ሌላ ነገር ተጽፎአል። ካህኑ ዕዝራ የሕጉን መጽሐፍ ከማለዳ እስከ ቀትር ሲያነብ ሌዋውያኑ በሕዝቡ መካከል ሆነው ንባቡን ያብራሩላቸው ነበር፤ ሕዝቡም የተነበበውን አስተዋለ፥ ደስም አለው። እንግዲህ አንዱ መጽሐፍ ሁለቱንም ያስተምረናል፤ ስለ ጠፋው ቋንቋ እዘን፥ በፊትህ የቆመው ሕዝብ ግን ሳያስተውል እንዳይሄድ ተርጕምለት።

ሐዋርያትም ይህን አደረጉ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ከግሪክ አገር የመጡት አይሁድ መበለቶቻችን በዕለቱ ምግብ ተረሱ ብለው ባንጐራጐሩ ጊዜ ሐዋርያት እንግዶች ናችሁና ታገሡ አላሉም፤ 7 ዲያቆናት ሾሙላቸው። የተሾሙትም ሰዎች ስማቸው የግሪክ ስም ነው። ቅዱስ እስጢፋኖስ ራሱ ከእነዚህ አንዱ ነው። በባዕድ አገር ተወልደው ያደጉትን ወጣቶች ለዲቁናና ለክህነት ማብቃት ይህን ፈለግ መከተል ነው።

ይልቁንም እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የመጀመሪያው ጳጳሳችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፥ በልጅነት ስሙ ፍሬምናጦስ፥ ከጢሮስ የመጣ ስደተኛ ልጅ ነበር። አብረውት የነበሩት ተገድለው እርሱና ጓደኛው ብቻ ተርፈው በአክሱም ቤተ መንግሥት አደጉ። ያንን አገር እንደ ወህኒ አላየውም፤ ተማረ፥ አገለገለ፥ በአገሩ ያሉትን ምእመናን ሰበሰበ፤ በ4ኛው መቶ ዓመትም ወደ እስክንድርያ ሄዶ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተሾመ፥ ተመለሰም። ከእርሱም በኋላ ከ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የመጡት ተስዓቱ ቅዱሳን በባዕድ ቋንቋ አልሰበኩልንም። ግእዝን ተምረው መጻሕፍትን ወደ ግእዝ በመመለስ ደከሙ፤ አቡነ አረጋዊ በደብረ ዳሞ፥ አባ ገሪማም በአድዋ አጠገብ ገዳም መሠረቱ። ዛሬ የእኛ ነው ብለን የምንመካበት ግእዝ እነዚያ እንግዶች ለእኛ ነፍስ ሲሉ የተማሩት ቋንቋ ነው። እንግዶች ለእኛ ያደረጉትን እኛ በእንግድነታችን ለገዛ ልጆቻችን መንፈጋችን እንዴት ይሆናል?

ይህን ስል ግእዝና አማርኛ ይተዉ ማለቴ አይደለም። ልጅ ፊደልን በ5 ዓመቱ ይቍጠር፤ አቡነ ዘበሰማያትን በአባቶቹ ቋንቋ በቃሉ ይያዝ፤ ትርጕሙን ግን በሚያስብበት ቋንቋ ይስማ። ወላጆች ወንጌልን ማታ ማታ በሁለቱም ቋንቋ ተራ በተራ ያንብቡ፤ ልጁ በእንግሊዝኛ ያነበበውን አባት በአማርኛ ይድገመው፤ ሁለቱም መምህርና ተማሪ ይሆናሉ። ልጁ ለምን እንጾማለን ብሎ ሲጠይቅ ዝም በል አይባል፤ መጠየቁ የመራቅ ሳይሆን የመቅረብ ምልክት ነው። ቃሉን ሲሳሳትም በሰው ፊት አይሳቅበት። ልጅ የተሰደበበትን ቋንቋ ይሸሻል፤ የተወደደበትን ይማራል።

ስለ አንድነት

በባዕድ አገር ከሚያጋጥሙት ፈተናዎች አንዱ መከፋፈል ነው። ብዙ አጥቢያዎች በኪራይ አዳራሽ፥ ወይም የሌላ እምነት ሰዎች አምልኮአቸውን ፈጽመው በሚወጡበት ሰዓት ተጀምረዋል። በችግር ጊዜ የተዋደዱት ሰዎች ሕንፃ ከገዙ በኋላ በአስተዳደርና በትውልድ ስፍራ ተጣልተው ሲለያዩ፥ ጕዳዩም በአገሩ ፍርድ ቤት ሲታይ ብዙ ጊዜ ታይቶአል። በዚህ የሚሰናከሉት ልጆቹ ናቸው። የአባቶቻቸውን አውራጃ አያውቁትም፤ የሚያውቁት በደጀ ሰላም የሰሙትን ጩኸት ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል በአገር ቤትና በውጭ ተለያይተው የነበሩት አባቶች በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ታርቀው፥ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ ምን ያህል ዕንባ እንደ ፈሰሰ እናስታውሳለን። አባቶች ይህን ያህል ዘመን የቈየ መለያየት መሻር ከቻሉ፥ አንድ ሰበካ ጉባኤ ስለ ቍልፍና ስለ ሒሳብ መዝገብ መታረቅ ሊሳነው አይገባም።

በአገር ላለነው

ይህ ትምህርት ለሄዱት ብቻ አይደለም። በአገር የቀረነውም ከፍርድ ነጻ አይደለንም። በሬ ሸጠን፥ ዕዳ ገብተን፥ ልጃችንን ለደላላ አሳልፈን የምንሰጥ ብዙ ነን። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ በረሃና በባሕር ዳር ክርስቲያን በመሆናቸው ብቻ አንገታቸውን ለሰይፍ፥ ደረታቸውንም ለጥይት የሰጡትን ወጣቶች ማን ይረሳቸዋል? እነርሱ የሰማዕታትን ክብር አገኙ፤ እኛ ግን ልጆቻችንን በዚያ መንገድ ስለ መላካችን እንጠየቃለን።

ደርሰው ሥራ ለያዙትም ሸክም አንሁንባቸው። ስልክ ሲደውሉ አስቀድመን የምንጠይቃቸው ስለሚልኩት ገንዘብ ከሆነ፥ በሦስት ሥራ መካከል ቅዳሴ የሚቀርባቸው ስለ እኛ ነው። ጤናህ እንዴት ነው፥ ቈረብህ ወይ፥ ልጆቹ ይጸልያሉ ወይ ብለን እንጀምር። በእኛም ዘንድ ከደቡብ ሱዳን፥ ከሱዳን፥ ከሶማሊያና ከኤርትራ የመጡ እንግዶች አሉ። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 እንግዳውን እንደ ራሳችን እንድንወድ ያዘዘን እንግድነትን ስለምናውቅ ነው። ለልጃችን በባዕድ አገር ደግ ሰው እንዲገጥማት የምንለምን ሁሉ፥ በደጃችን ለቆመችው የሌላ ሰው ልጅ ያንን ደግ ሰው እንሁን።

ወንድሞችና እኅቶች፤

ወንጌላዊው ማቴዎስ የስደቱን ታሪክ ሲፈጽም አንድ ነገር ነግሮናል። ሄሮድስ ሞቶ ቅዱሳኑ በተመለሱ ጊዜ ወደ ቤተ ልሔም አልገቡም፤ በናዝሬት ተቀመጡ። ከስደት የተመለሰ ሰው እንኳ ወደ ተወው ስፍራ አይመለስም፤ ስፍራውም እርሱም ተለውጠዋልና። ስለዚህ በአገር ያለነውም በባዕድ ምድር ያሉትም እንግዶች ነን፤ የምንጠባበቃት ከተማ ሐዋርያው በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 11 የነገረን፥ እግዚአብሔር ራሱ የሠራት ናት። ወደዚያች ከተማ እስክንደርስ ድረስ ድንኳኑ ይተከላል፥ ይነቀላልም። መሠዊያው ግን አይፍረስ፤ የልጆቻችንም እጅ ይድረስበት።

በግብፅ በረሃ የተንከራተተችው እመቤታችን ለስደተኞች ሁሉ ታማልድ። ሕፃን ሆኖ የተሰደደው ጌታ በየአገሩ የተበተኑትን ይሰብስብ፤ ፈርተው የራቁትን ያቅርብ፤ የልጆቹን አንደበት ለምስጋና፥ የካህናቱንም ጆሮ ለልጆቹ ንስሓ ይክፈት፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።